ግሩፕ ሆም፦ ቤቱ የማን ነው?

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በዲሲ ሰሜን ምሥራቅ ሰፈሮች ግሩፕ ሆምን ከጎረቤቱ ቤት ለይቶ ማወቅ ይከብዳል። በሩ ላይ የተለጠፈ ስም የለም። ውስጡ ሦስት ወይም አራት አዋቂዎች ይኖራሉ፤ አንዱ ኦቲዝም ያለበት፣ ሌላዋ በሴሬብራል ፓልሲ ምክንያት በዊልቸር የምትንቀሳቀስ፣ ሌላው የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሊሆን ይችላል። ማታ ተረኛ ሆኖ የሚገባው ሠራተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የኛ ሰው ነው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖር ሐበሻ ራሱ ባይሠራበት እንኳ የሚሠራበት እህት፣ ጓደኛ ወይም የአገር ልጅ አያጣም።

ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ርኅራኄ ለዚህ ሥራ ትልቅ ስጦታ ነው ብዬ አምናለሁ። ታማሚን አንጸየፍም፣ ሽማግሌን ማጠብ አያሳፍረንም፣ የሰው ልጅ ሲቸገር ዝም ብለን አናልፍም። ነገር ግን ርኅራኄያችን አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው «ተቀመጥ፣ እኔ ላድርግልህ» በሚል መልክ ነው። ይህ ደግሞ የምናግዘውን ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ ያደርገዋል። እንግዳ ይከበራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ በቤቱ ጉዳይ ግን አይወስንም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚህ ሥራ ላይ ላሉ ወገኖችና አካል ጉዳተኛ ልጅ ለሚያሳድጉ ወላጆች ነው።

ቤቱ የነዋሪው ነው የሚለው ሐሳብ በቀላሉ አልመጣም። ዲሲ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ነዋሪዎቿን ለበርካታ አሥርት ዓመታት ትልክ የነበረው ሜሪላንድ ውስጥ ሎረል አጠገብ ወደሚገኘው ፎረስት ሄቨን ነበር። ተቋሙ በ1925 ተከፈተ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1976 ቤተሰቦች ኤቫንስ በሚል ስም በሚታወቀው ክስ ከተማዋን ፍርድ ቤት አቆሙ። ፍርድ ቤቱ በ1978 ነዋሪዎቹ ወጥተው በሰፈር መካከል እንዲኖሩ አዘዘ፤ በሩ እስኪዘጋ ግን እስከ ኦክቶበር 1991 ድረስ ፈጀ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እዚያ ከሞቱት መካከል በርካቶቹን የገደላቸው ምግብና ፈሳሽ ወደ ሳንባ ገብቶ የሚያመጣው የሳንባ ምች ነው። አንዱ መንስኤ ሰዎቹን እንደተጋደሙ ማብላት ነበር። ይህ አደጋ ዛሬም በየቤቱ ስላለ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1999 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኦልምስቴድ በተባለው መዝገብ ታላቅ ውሳኔ ሰጠ። ባለጉዳዮቹ ሎይስ ከርቲስና ኢሌን ዊልሰን የተባሉ የጆርጂያ ሴቶች ነበሩ። ሐኪሞቻቸው «ከኅብረተሰቡ ጋር መኖር ይችላሉ» ካሉ በኋላም ሆስፒታል ውስጥ እንዲቆዩ ተደርገው ነበር። ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ፣ ያለ በቂ ምክንያት ሰውን ተቋም ውስጥ ማቆየት በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ የሚከለክለው መድልዎ ነው አለ። የዚህ አገልግሎት ገንዘብ በአብዛኛው የሚመጣው ከሜዲኬይድ፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸውና ለአካል ጉዳተኞች ከተቋቋመው የመንግሥት የጤና መድን ነው፤ ከ1981 ጀምሮ «ዌይቨር» በሚባለው መንገድ ለተቋም ይከፈል የነበረው ገንዘብ በቤትና በሰፈር ለሚሰጥ እገዛ መዋል ቻለ።

ከሁሉም በላይ የዕለት ሥራችንን የሚገዛው ግን በ2014 የወጣውና ክልሎች እስከ ማርች 17 ቀን 2023 ሊያሟሉት የተገደዱት የፌዴራል ደንብ ነው። ደንቡ እንደሚለው ነዋሪው የኪራይ ውል ወይም ውልን የሚተካ በሕግ የሚጸና ስምምነት ሊኖረው ይገባል። የመኝታ ክፍሉ ከውስጥ የሚቆለፍ መሆን አለበት፤ ቁልፉ ለእሱና ለሚገባቸው ሠራተኞች ብቻ ነው። ክፍል የሚጋራ ከሆነ ከማን ጋር እንደሆነ ይመርጣል። ክፍሉን እንደ ፍላጎቱ ያስጌጣል። በፈለገው ሰዓት ይበላል፣ በፈለገው ሰዓት እንግዳ ይቀበላል፣ የቀኑን ፕሮግራም ራሱ ያወጣል።

አሁን ይህን ይዛችሁ ወደ ብዙዎቹ ቤቶች ግቡ። ማቀዝቀዣው ላይ «ኪችን ከምሽቱ 8 ሰዓት በኋላ ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል (ሰዓቱ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው)። እንግዳ የሚገባው ቅዳሜ ብቻ ነው። ሁሉም ማታ 9 ሰዓት ላይ ይተኛል፤ ምክንያቱ የማታው ተረኛ ሥራ ስለሚቀለው ነው። እነዚህ ሁሉ ደንቡን ይጥሳሉ። መብት የሚገደበው በአንድ ሰው የአገልግሎት ዕቅድ ውስጥ በጽሑፍ ሲሰፍር ብቻ ነው፦ ምን አደጋ እንዳለ፣ ከዚያ በፊት ምን ቀለል ያለ ዘዴ እንደተሞከረ፣ ገደቡ መቼ እንደሚከለስ፣ ሰውየው መስማማቱ። ለምሳሌ ፕራደር ዊሊ የሚባለው ሕመም ያለበት ሰው ጥጋብ አይሰማውምና ምግብ ሊቆለፍበት ይችላል። ይህ ግን የሱ ገደብ ነው፤ አብረውት የሚኖሩት ሦስቱ በፈለጉት ሰዓት ምግባቸውን የሚያገኙበት ቁልፍ ወይም የተለየ ቁም ሣጥን ሊኖራቸው ይገባል።

ስለ አክብሮት ካነሣን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ሁለት ሐበሾች በአንድ ሺፍት ሲገጣጠሙ፣ ነዋሪው ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ እነሱ በላዩ በአማርኛ ሲጫወቱ ይመሻል። ስሙን ይሰማል፣ ሳቅ ይሰማል፣ ምን እንደተባለ አያውቅም። መናገር የማይችል ሰው አይሰማም ማለት አይደለም። የሃምሳ ዓመት ሰው ደግሞ «ልጁ» እየተባለ ይጠራል። አገር ቤት ቢሆን ጋሼ የምንለው ሰው ነው። ስልክ ማውራት ካለባችሁ ዕረፍት ወስዳችሁ ውጡ፤ እርስ በርስ ስትነጋገሩ እሱ በሚሰማው ቋንቋ ተነጋገሩ።

ወደ ሥራው ልብ እንግባ። ማገዝ ማለት ሰውየው ማድረግ የሚችለውን ሁሉ ራሱ እንዲያደርግ፣ የማይችለውን ብቻ ማሟላት ነው። ይህ በቃል ይቀላል፤ በተግባር ትዕግሥትና ዘዴ ይጠይቃል። ጠዋት ቡና ማፍላትን እንውሰድ። ሥራውን በጥቃቅን ደረጃ ከፋፍሉት፦ ማፍያውን መክፈት፣ ማጣሪያ ወረቀቱን ማስገባት፣ ሁለት ማንኪያ ቡና መጨመር፣ ውኃውን እስከ መስመሩ መሙላት፣ ማፍሰስ፣ ክዳኑን መግጠም፣ ቁልፉን መጫን፣ እስኪያበቃ መጠበቅ፣ መቅዳት። ከዚያ ሰውየው የትኛውን ያለ እገዛ እንደሚሠራ ሁለት ሦስት ቀን ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ከገመታችሁት በላይ ይሠራል።

እገዛው ከትንሹ ጀምሮ ነው የሚያድገው። መጀመሪያ መጠበቅ ነው፤ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። አሥር ሰከንድ ቆሞ ለሚያይ ሰው ዓመት ይመስላል፤ ሐሳቡ ቀስ ብሎ ለሚሰናዳ ሰው ግን በጣም አጭር ነው። ካልሆነ በእጅ ጠቁሙ ወይም ዕቃውን አስጠጉለት። ካልሆነ ሠርታችሁ አሳዩ። ካልሆነ አጭር ቃል ተናገሩ። መጨረሻ ላይ እጃችሁን ከእጁ ሥር አድርጋችሁ ምሩት፤ ከላይ ከያዛችሁት ማስገደድ ይሆናል፣ ከሥር ከሆነ ግን ሲፈልግ እጁን ማንሣት ይችላል። ቃልን ወደ ኋላ ያስቀመጥሁት ሆን ብዬ ነው። «አሁን ውኃ፣ አሁን ቡና፣ አሁን ክዳን» ስንለው የኖረ ሰው ትእዛዙን የሥራው ክፍል አድርጎ ይይዘዋል፤ እኛ ዝም ስንል እሱም ይቆማል። የቃል እገዛ ለመቀነስ ከሁሉም የከበደው ነው።

አዲስ ነገር ስታስተምሩ ከመጨረሻው ደረጃ መጀመር ያዋጣል። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ደረጃዎች አብራችሁት ሥሩ፣ መቅዳቱን ለእሱ ተዉለት። ሥራው በሱ እጅ ያልቃል፣ ወዲያው ቡናውን ይጠጣል። መቅዳቱን ሲለምደው አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ይህ የሚበላሸው በአንድ ምክንያት ነው፦ የጠዋቱ ሠራተኛ ታግሦ ያስተምራል፣ የቅዳሜው ሠራተኛ ቸኩሎ ራሱ ያፈላዋል፣ ሰኞ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል። ስለዚህ የደረጃው ዝርዝር ማፍያው አጠገብ ካለው ቁም ሣጥን ውስጠኛ በር ላይ ይለጠፍ፤ የደረሰበት ደረጃም በየቀኑ ይመዝገብ።

አሁን ወደ ምግቡ። እዚህ ላይ ደግነታችን ሰው ሊገድል ይችላልና በጥንቃቄ አንብቡልኝ።

ብዙ ነዋሪዎች የመዋጥ ችግር አለባቸው። ጤነኛ ሰው ትን ሲለው ይስላል፤ የነዚህ ሰዎች ጉሮሮ ግን አንዳንዴ ምንም ሳይሰማው ምግቡን ወደ ሳንባ ያሳልፋል፣ ሳል እንኳ የለም። ምልክቱ ከበሉ በኋላ የሚረጥብ ወይም የሚንገረገር ድምፅ፣ የዓይን እንባ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት፣ ተደጋጋሚ የሳንባ ምች፣ የክብደት መቀነስ ነው። ስለዚህ የንግግርና የመዋጥ ባለሙያው (ስፒች ቴራፒስቱ) የምግቡንና የመጠጡን ደረጃ ይወስናል። ደረጃው ከ0 እስከ 7 ያለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው። ደረጃ 4 ፍጹም የላመ ነው፦ ጓል የለውም፣ ማንኪያ ላይ ቅርጹን ይይዛል፣ ማንኪያው ሲዘነበል ሙሉ በሙሉ ይወድቃል፣ አይጣበቅም። ደረጃ 5 ለአዋቂ ቁራጩ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ርጥብና በቀላሉ የሚደቅ ነው፤ የሹካ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ልክ ይኸው 4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሹካው ራሱ መለኪያ ይሆናችኋል። ደረጃ 6 ቁራጩ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ለስላሳ ምግብ ነው።

እንግዲህ ሠራተኛው ምሳውን ይዞ መጥቷል፣ ነዋሪው ያየዋል፣ ዓይኑን ማለፍ ነውር ነው። ጉርሻ ይሰጠዋል። እንጀራ እንደ ዳቦ አፍ ውስጥ ተጠቅልሎ ይድበለበላል፤ ደረጃ 4፣ 5 ወይም 6 የታዘዘለት ሰው ስፒች ቴራፒስቱ ሳያየው ሊበላው አይገባም። ፍትፍት ለስላሳ ስለሆነ ይሻላል ብሎ የሚያስብ ሰው አለ፤ ነገር ግን ወጡ ቀጭን ሆኖ ከእንጀራው የሚለይ ከሆነ ፈሳሽና ጠጣር በአንድ ጉርሻ ይገባል፣ ለጉሮሮ ከባዱ ይህ ድብልቅ ነው። ገንፎ ልሙጥ ይመስላል፣ ግን ይጣበቃል። ቅንጬ ፍሬ አለው። ሽሮ በደንብ ከላመና መወፈሩ ልክ ከሆነ ወደ ደረጃ 4 የሚቀርብ ምግባችን ነው፤ በማንኪያው ፈትኑትና ቴራፒስቱን አስፈቅዱ። አይስክሬምና ጄሎም ያታልላሉ፤ አፍ ውስጥ ሲሟሟ ቀጭን ውኃ ይሆናሉ።

የወፈረ መጠጥ የታዘዘለት ሰው ካለ በ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ መፈተን ይቻላል። ከ0 እስከ 10 ያለው መስመር 61.5 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለውን ስሪንጅ ምረጡ፤ ሁሉም ስሪንጅ አንድ አይደለም። ገፊውን አውጡ፣ ጫፉን በጣት ይዛችሁ እስከ 10 ሙሉት፣ ልቀቁት፣ ልክ በ10 ሰከንድ መልሳችሁ ያዙት። የቀረው ከ1 እስከ 4 ሚሊ ሊትር ከሆነ ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 8 ከሆነ ደረጃ 2፣ ከ8 በላይ ሆኖ ትንሽ ከፈሰሰ ደረጃ 3 ነው። አጥሚት ሙቅ እያለ ቀጭን ሆኖ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ መፈተን ያለበት በሚጠጣበት ሙቀት ነው። ማወፈሪያ ዱቄትም ከተበጠበጠ በኋላ ጊዜ ይፈልጋልና ጣሳው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ፤ «ገና ቀጥኗል» ብሎ መጨመር ከልክ በላይ ያወፍረዋል።

ብዙ ሠራተኛ የማያውቀው አደገኛ ነገር አለ። ለሆድ ድርቀት የሚሰጠው ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የሚባለው ዱቄት (ሚራላክስ) ከስታርች በተሠራ ማወፈሪያ ጋር ሲቀላቀል መጠጡን መልሶ ውኃ ያደርገዋል። ዓይናችሁ እያየ የወፈረው ጭማቂ ይቀጥናል፣ ሰውየውም ትን ይለዋል። ሁለቱም የታዘዙለት ነዋሪ ካለ ዛሬውኑ ለነርሷ ንገሩ፤ ከዛንታን የተሠራ ማወፈሪያ ወይም ሌላ መድኃኒት ይታዘዝለታል።

አቀማመጥም እንዲሁ ነው። ዳሌው ወንበሩ ጀርባ ድረስ ገብቶ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ እግሩ ይደገፍ፣ አገጩ ወደ ላይ አይቅና። የምታበሉት እናንተ ከሆናችሁ እኩል ቁመት ላይ ተቀመጡ፤ ቆማችሁ ካበላችሁት አንገቱን ወደ ላይ ያነሣል፣ የአየር መንገዱ ይከፈታል። አንድ ማንኪያ ከተዋጠ በኋላ ሌላው። ከበላ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀና ብሎ ይቆይ። ጥርሱን ማታ ማታ ማጽዳት እዚህ ላይ ይገባል፤ ወደ ሳንባ የሚገባው ምራቅ ጀርም የበዛበት ከሆነ የሳንባ ምች ሕመሙ ይከፋል።

የሆድ ድርቀት ቀላል ነገር ይመስላል። ውኃ የማይበቃው፣ የማይንቀሳቀስ፣ የሚጥል በሽታና የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን አንጀቱ ተዘግቶ ሊሞት ይችላል። ሽንት ቤት የወጣበት ቀን በቻርት ይመዝገብ፤ ሦስት ቀን ከሞላው፣ ወይም የሰውየው ዕቅድ ከሚለው ቀን ካለፈ፣ ነርሷ ትጠራ። ከደረቀ በኋላ በትንሽ በትንሹ የሚወጣ ቀጭን ተቅማጥ የዳነ ያስመስላል፤ ብዙ ጊዜ የተዘጋውን ዙሪያ አልፎ የሚፈስ ነው። መናገር የማይችል ሰው ራሱን መምታት ወይም ምግብ መግፋት ሲጀምር «ቢሄቪየር ነው» ከማለታችሁ በፊት ሆዱን፣ ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ ሽንቱን አስመርምሩ። ጠባዩ ድንገት የተለወጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አሞታል።

መድኃኒት ላይ ብዙ አልቆይም፤ በሜሪላንድም በዲሲም ያለ ሥልጠናና ያለ ነርስ ክትትል መስጠት አይቻልም። ስሕተቱ የሚፈጠረው ግን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፦ የሁሉንም ሰው መድኃኒት አስቀድሞ በትናንሽ ኩባያ ማዘጋጀት፣ እየሰጡ ሳይፈርሙ በሺፍቱ መጨረሻ በአንድ ጊዜ መፈረም፣ ቀስ ብሎ እንዲሟሟ የተሠራ እንክብል (ስሙ ላይ ኢአር ወይም ኤክስአር የሚል) ለመዋጥ እንዲመች መፍጨት። የተፈጨው የቀን ሙሉ መጠን በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ ይገባል። አንድ ሰው፣ አንድ ኩባያ፣ መስጠት፣ መዋጡን ማየት፣ መፈረም፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ።

የሚጥል በሽታ ሲነሣ ሰዓት ተመልከቱ፣ ወደ ጎን አጋድሙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ክብሪት ማሽተት ከአገር ቤት የመጣ ልማድ ነው፤ አይጠቅምም፣ ጢሱና እሳቱ ይጎዳል። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው 911 ደውሉ። ገላውን ሲታጠብም ብቻውን አትተዉት። የቧንቧው ሙቅ ውኃ ከ120 ፋራናይት (49 ሴልሺየስ) እንዳይበልጥ በቴርሞሜትር ይለካ፤ 140 ፋራናይት የደረሰ ውኃ በ5 ሰከንድ ያህል ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላል፣ ሙቀት የማይሰማው ወይም ራሱን ማሸሽ የማይችል ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ ይቆይበታል። ከአልጋ ወደ ዊልቸር በሆየር ሊፍት (ሰውን በማንጠልጠያ በሚያነሣው መሣሪያ) ስታነሡ የዊልቸሩን ፍሬን ያዙ፣ የሊፍቱን እግር ክፈቱ፣ የማንጠልጠያው ቀለበቶች በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ቀለም መሆናቸውን ተመልከቱ፣ ከአልጋው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ አንሥታችሁ አቁሙና ሁሉንም መያዣ እንደገና አረጋግጡ። ሁለት ሰው ያስፈልጋል ከተባለ ሁለት ሰው ነው።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው ግን ደክሞታል። ደመወዙ አነስተኛ ነው፤ አንዱን ሥራ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው የሚሄድ ሰው ሌሊቱን ነቅቶ መጠበቅ አለበት ሲባል ዓይኑ ይከደናል። ጥፋቱን በሠራተኛው ላይ ብቻ ጭኖ መሄድ ፍትሕ አይመስለኝም። በተከታታይ ሁለት ሺፍት የሚመድብ አሠሪ አደጋውንም አብሮ መድቧል።

አሁን ለወላጆች። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል። ልጃችሁ ትምህርት ቤት እያለ አውቶቡሱ በር ድረስ ይመጣል፣ ቴራፒው አለ፣ መምህሯ አለች። 21 ወይም 22 ዓመት ሲሞላው ይህ ሁሉ በአንድ ሰኔ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው የአዋቂዎች አገልግሎት በመብት የሚመጣ አይደለም፤ በብዙ ክልሎች በዌይቨር ተራ የሚጠበቅ ነው፣ ተራውም ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ገና ሕፃን ሳለ አስመዝግቡት። አድራሻ ስትቀይሩ አሳውቁ፤ «አሁንም ትፈልጋላችሁ ወይ» የሚል ደብዳቤ ሳይመለስ ቀርቶ ስማቸው ከዝርዝሩ የሚወጣ አሉ። ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ቤት ለመግዛት ያሰባችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ ዌይቨር ከክልል ክልል አይዛወርም፣ ተራው እንደ አዲስ ነው።

18 ዓመት ሲሞላው ሁለት ነገር ይለወጣል። የመጀመሪያው፣ ለኤስኤስአይ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አካል ጉዳተኞች መንግሥት በየወሩ ለሚከፍለው ገንዘብ) የወላጅ ገቢ መቆጠሩ ያቆማል። ስለዚህ በልጅነቱ የተከለከለ ቢሆንም በ18 ዓመቱ እንደገና አመልክቱ። በ2026 የፌዴራሉ ክፍያ ላላገባ ሰው በወር እስከ 994 ዶላር ነው። በስሙ ከ2,000 ዶላር በላይ የሚቆጠር ንብረት ካለው ግን ይቋረጣል፤ ይህ ጣሪያ ከ1989 ጀምሮ አልተነካም። በልጁ ስም የተጣለ እቁብ፣ አያት ለልደት የከፈቱለት የባንክ ደብተር፣ በኑዛዜ የተላለፈለት ገንዘብ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ለዚህ የተፈጠረው ኤብል የሚባለው የቁጠባ ሒሳብ ነው። አካል ጉዳቱ ከ46 ዓመት በፊት ለጀመረው ሰው ይፈቀዳል፣ እስከ 100,000 ዶላር ድረስም ኤስኤስአይን አይነካም። ለውርስ ደግሞ በጠበቃ የሚዘጋጅ ልዩ የአደራ ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ዘመዶቻችሁም በቀጥታ ለልጁ እንዳያወርሱ ንገሯቸው።

ሁለተኛው ለውጥ፣ ልጁ በሕግ ፊት አዋቂ ይሆናል፤ ሐኪሙም ያለ ፈቃዱ ሊያናግራችሁ አይችልም። ብዙዎች ደንግጠው ሞግዚትነት ፍርድ ቤት ይጠይቃሉ። ሞግዚትነት ግን የውሳኔ መብቱን ከእጁ ያወጣል፣ ማስመለሱም ከባድ ነው። ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በሕግ የተቀበሉት ሌላ መንገድ አለ፦ ሰውየው የሚያምናቸውን አጋዦች በጽሑፍ ይሰይማል፣ እነሱ ያስረዱታል፣ ወሳኙ ግን እሱ ነው። በእኔ እምነት መጀመሪያ መሞከር ያለበት ይህ ነው።

የልጃችሁ የአገልግሎት ዕቅድ በሚወጣባቸው ስብሰባዎች ላይ አስተርጓሚ ጠይቁ። ዲሲ ውስጥ በ2004 የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛን ያካትታል። ታናሽ እህቱን አስተርጓሚ አታድርጓት፤ ስለ ወንድሟ ሽንት ቤትና መድኃኒት መተርጎም የልጅ ሥራ አይደለም፣ የሚከብደውንም ትዘልለዋለች።

ከዚያ ወደ ከባዱ። «እኔ በሕይወት እያለሁ ልጄን ለሰው አልሰጥም» የምትል እናትን እረዳታለሁ። የሚያስፈራኝ ከሷ በኋላ ያለው ነው። ያልተዘጋጀ ልጅ እናቱ በሞተች ሳምንት በድንገተኛ ምደባ አልጋ ወደተገኘበት ቤት ይወሰዳል። ሰፈሩን አያውቅም፣ ሠራተኞቹም እሱን አያውቁትም፣ ሐዘኑንም የሚረዳለት የለም። እሷ ካለች ግን መጀመሪያ ቅዳሜን ውሎ፣ ከዚያ አንድ ሌሊት አድሮ፣ ከዚያ ሳምንት እየቆየ ይለምዳል። ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ሲያመው ምን እንደሚያደርግ፣ የሚጾምባቸውን ቀናት፣ እንቅልፍ እንዲወስደው የሚረዳውን፣ በአንድ ገጽ በእንግሊዝኛ አጽፋችሁ ስጡ። ጾሙ ዕቅዱ ውስጥ ካልተጻፈ ሠራተኛው አያውቅም።

ቤት ስትመርጡ ቀን በቀጠሮ ካያችሁት በኋላ አንድ ምሽት በራት ሰዓት ተመልሳችሁ ሂዱ። ምግቡን ማን እንደሚመርጥ፣ ሪሞቱ በማን እጅ እንዳለ ተመልከቱ። ማቀዝቀዣው በደንብ ተሞልቷል? የመኝታ ክፍሎቹ ቁልፍ አላቸው? ሠራተኞቹ ሲያወሩ ነዋሪዎቹን ያናግራሉ ወይስ በላያቸው ያወራሉ? ባለፈው ዓመት ስንት ሠራተኛ እንደለቀቀ፣ ተረኛው ሲቀር ማን እንደሚተካ፣ ሌሊት ስንት ሰው ነቅቶ እንደሚያድር ጠይቁ። የመዋጥ ችግር ካለበት ራት ሲሰጥ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ልጃችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ መናገር ባይችል እንኳ ወንበር ስቦ ይቀመጥ እንደሆነ ወይም ጃኬቱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ይቆም እንደሆነ ታያላችሁ፤ መልሱን ዕቅዱ ላይ በሱ ስም አስመዝግቡት።